ርካሽ ስልክና የ07 መስመር፦ ጥፋቱ የማን ነው?

ጥያቄው የመጣው ከድሬዳዋ፣ ከሳቢያን ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«ሁለት ስልክ አለኝ፣ ሁለቱም አቃጠሉኝ። አንዱን ወንድሜ ከአሜሪካ በሰው ላከልኝ። ሳምሰንግ ነው፣ ካርቶኑ እንኳ አልተከፈተም ነበር። ሱፐርማርኬት ውስጥ በ39 ዶላር ገዛሁት ብሎኛል። የ09ንም የ07ንም ሲም ሳስገባ ‹ይህ ሲም አይሠራም› ይለኛል። ስልክ ጠጋኝ ሠራተኛ ጋ ስወስደው ‹ፍላሽ ይደረጋል፣ 1,800 ብር› አለኝ። ሁለተኛውን እዚሁ ድሬ፣ ታይዋን ገበያ ገዛሁት፣ ያገለገለ ነው። 09 ላይ 4ጂ ይላል። 07 ላይ ግን ‹ኢ› ብቻ ነው፣ ቪዲዮ ቀርቶ ፎቶም አይከፍትም። ሐረማያ ዩኒቨርሲቲ ለምትማረው ልጄ ልሰጣት ነበር፣ እሷ ኢንተርኔት የምትጠቀመው በ07 ነው። ሻጩን ስጠይቀው ‹07 ርካሽ ስልክ አይወድም› አለኝ። እውነት ነው? አሜሪካኑንስ ላስከፍተው?»

አሜሪካኑን እዚህ አታስከፍቺው። ታይዋን የገዛሽውን ደግሞ ገና አትሽጪው። የመጀመሪያው ስልክ በሸጠው ኩባንያ ሲም ብቻ እንዲሠራ ተቆልፏል። የሁለተኛው ችግር ምናልባት የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። አንድ ላይ ስላበሳጩሽ አንድ በሽታ መስሎሻል እንጂ አይገናኙም። (በድሬ ልማድ አንቺ እያልኩሽ ነው። እርስዎ ማለት ከጀመርኩ ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።)

መጀመሪያ የሻጩን ወሬ እንጣለው። 07 የሳፋሪኮም ቁጥር ነው፣ 09ም የኢትዮ ቴሌኮም ቁጥር ነው። ስልኩ ቁጥርሽን አያይም። ኢትዮ ቴሌኮምም ሳፋሪኮምም የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ቴክኖሎጂ ነው፦ 2ጂ፣ 3ጂ፣ 4ጂ። ሲሙም ያው ሲም ነው። ኔትወርኩ ስልክሽ በስንት ብር እንደተገዛ የሚያውቅበት መንገድ የለውም።

ወሬው ከየት እንደመጣ ግን አውቃለሁ። ሳፋሪኮም ኢትዮጵያ ውስጥ ኔትወርኩን መጀመሪያ ያበራው እዚሁ ድሬዳዋ ላይ ነው፣ ነሐሴ 2014 ዓ.ም.። ሐረርና ሐረማያ ተከተሉ። አዲስ አበባ ላይ በይፋ የተከፈተው መስከረም 26 ቀን 2015 ነው። አዲስ አበቤው 07 ምን እንደሆነ ሳያውቅ እኛ ሱቅ ውስጥ «ይሄ ስልክ 07 ይይዛል?» እየተባልን ነበር። ያኔ ጥያቄው ትክክል ነበር። ኔትወርኩ አዲስ ነው፣ ማማው ጥቂት ነው፣ ዛሬ የያዘ ሰፈር ነገ ይጠፋ ነበር። ሰው ያኔ የሰማውን አሁንም ይደግመዋል።

አንድ ስልክ አንድን መስመር እንዲይዝ ሦስት ነገር ያስፈልጋል። ያልተቆለፈ መሆን አለበት። ማማው የሚልከውን ሞገድ መስማት መቻል አለበት። ቅንብሩም መስተካከል አለበት። ከዚህ ውጪ ማማው ሩቅ ከሆነ የስልክ ጥፋት አይደለም። ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ከእነዚህ የትኛው እንደሆነ ማወቅ ነው ዋናው ሥራ። እሱን ደግሞ ያለምንም መሣሪያ ራስሽ ታውቂዋለሽ።

ከታይዋኑ ልጀምር፣ ቀላል ስለሆነ።

«ኢ» ማለት ስልኩ 2ጂ ላይ ነው ማለት ነው። ጥሪ ይሠራል፣ ኢንተርኔቱ ግን ይጎተታል። ብዙ የቆዩ ርካሽ ስልኮች ሁለት ሲም ይይዛሉ እንጂ ሁለቱን እኩል አያዩም። ለኢንተርኔት የመረጥሽው ሲም 4ጂ ያገኛል። ሌላኛው ለጥሪ ብቻ ተብሎ 2ጂ ላይ ይቀመጣል። አንዳንዱ ላይ ደግሞ 4ጂ የሚሠራው አንደኛው የሲም ቦታ ላይ ብቻ ነው። ካርቶኑ «ሁለት ሲም፣ 4ጂ» ይላል። ሁለቱም 4ጂ ናቸው አላለም። ይቺን ቃል አንብቦ የሚገዛ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ስልኩን አጥፊና ሲሞቹን አቀያይሪያቸው። 07ን በ09 ቦታ፣ 09ን በ07 ቦታ። ስታበሪው ሴቲንግ ውስጥ ገብተሽ ሞባይል ዳታውን በ07 አድርጊው። ይሄ ሁለተኛው ነገር ይረሳል፣ ሲሙን ብቻ ቀይረው «አልሠራም» የሚሉ ሞልተዋል። ከዚያ ከቤት ወጥተሽ ትንሽ ጠብቂ።

07 ላይ 4ጂ ከመጣ አበቃ። ስልኩ ደህና ነው። «ኢ»ዋ ወደ 09 ዞራ ታያታለሽ፣ እንዲያ ይሁን፣ ልጅሽ ዳታ የምትጠቀመው በ07 ከሆነ 09 ለጥሪ ይበቃል። ቴሌብርንም በ*127# ከሆነ የምትሠራው 2ጂ ምንም አያጎድልባትም።

«ኢ»ዋ 07ን ተከትላ ከሄደች ግን ነገሩ ሌላ ነው። አሁንም ሴቲንግ ውስጥ የኔትወርክ ዓይነት የሚል አለ። ያገለገለ ስልክ ላይ የበፊቱ ባለቤት ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ 2ጂ ብቻ አድርጎት ሊሆን ይችላል። ወደ 4ጂ መልሺው። አሁንም እንቢ ካለ ያንኑ 07 ሲም አውጥተሽ ጎረቤትሽ ስልክ ውስጥ ክተቺው። እዚያው ቦታ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠሽ። የጎረቤትሽ ስልክ 4ጂ ካመጣና ያንቺ ካላመጣ፣ ስልክሽ የዚያን ማማ ሞገድ አይሰማም ማለት ነው። የእሷም «ኢ» ካለ ስልክሽን ተይው፣ ቦታው ነው። ሁለት ስልክና አንድ ሲም ይዘሽ ይህን ያህል ታውቂያለሽ። እኔም ሱቅ ውስጥ የማደርገው ይህንኑ ነው፣ ልዩነቱ እኔ አስከፍላለሁ።

አንድ ነገር ላክል። በተቃራኒው 09 ላይ ብቻ 4ጂ እምቢ የሚላቸው ሰዎች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሲሙ የድሮ ነው። 4ጂ ከመምጣቱ በፊት የወጣ ሲም አዲስ ስልክ ውስጥ ቢገባም 4ጂ አይይዝም። ቁጥሩ ሳይቀየር መታወቂያ ይዘው ሲሙን ማስቀየር ነው ያለባቸው። 07 ላይ ይህ ችግር የለም፣ መስመሩ ራሱ ከ2014 ወዲህ የመጣ ነውና።

አሁን ሞገድ ስላልኩት ነገር። ብዙ ብር የሚበላው እዚህ ላይ ነው።

አጭር ሞገድ ብቻ ያለው የድሮ ራዲዮ ኤፍኤም አይይዝም። ራዲዮው አልተበላሸም፣ ጣቢያውም አልተዘጋም። አይገናኙም፣ በቃ። ስልክም እንዲሁ ነው። 4ጂ የሚባለው አንድ ሞገድ አይደለም። በቁጥር የተለዩ ብዙ ሞገዶች አሉ፣ ባንድ ይባላሉ። እኛ ያለንበት የዓለም ክፍል፣ ማለትም አፍሪካ፣ አውሮፓና መካከለኛው ምሥራቅ፣ በብዛት የሚሠራው በባንድ 1፣ 3፣ 7፣ 8 እና 20 ነው። ባንድ 3 በ1800 ሜጋኸርዝ፣ ባንድ 7 በ2600፣ ባንድ 20 በ800 አካባቢ ነው። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ 2፣ 4፣ 12፣ 13፣ 66 እና 71 ናቸው ዋናዎቹ። ሁለቱንም ዝርዝር የያዘ ስልክ አለ። ውድ ነው። ርካሽ ስልክ የሚሠራ ፋብሪካ ብር ከሚቆጥብባቸው ቦታዎች አንዱ ይኸው ነው፤ ስልኩን ለሚሸጥበት አገር የሚያስፈልገውን ባንድ ብቻ ይከትበትና ሌላውን ይተወዋል። ለቻይና ገበያ ብቻ የተሠሩ ብዙ ስልኮች ባንድ 20 የላቸውም። እነሱ ደግሞ በጅቡቲም በሐርጌሳም ዞረው ታይዋን ይደርሳሉ። ከዱባይ የመጣ ግን አብዛኛው ችግር የለበትም፣ ሞገዱ ከኛ ጋር አንድ ክልል ነው።

ሻጩ «07 ርካሽ ስልክ አይወድም» ሲል ሳያውቀው የነካት እውነት ካለች ይህቺ ናት። ባንድ የጎደለው ስልክ ሁለቱ ኩባንያዎች ጋ እኩል ላይጎድለው ይችላል። እያንዳንዱ ኩባንያ የተመደበለት የራሱ ሞገድ አለው። አንዱ ማማ ላይ ያለው ስልክሽ ውስጥ ቢኖር፣ የሌላው ላይኖር ይችላል። ግን ይህ የስልኩ ነገር ነው። ለአፍሪካ ገበያ የተሠራ ርካሽ አይቴል ወይም ቴክኖ፣ ለሌላ አገር ከተሠራ ውድ ስልክ ይልቅ እዚህ በደንብ ሊይዝ ይችላል። ይህን ስናገር ሰው ይስቅብኛል። ይሳቅ።

ልጅሽ ያለችው ሐረማያ ነው። እሷ ወደ ሐረርም ትወጣለች ብዬ ልገምት። ዝቅተኛው ሞገድ፣ 800 እና 900፣ ሩቅ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል። ከፍተኛው፣ 2100 እና 2600፣ ብዙ ዳታ ይሸከማል፣ ግን ቶሎ ይደክማል። ሐረር ጀጎል ውስጥ ገብተሽ ታውቂያለሽ። የድንጋይ ግድግዳው ወፍራም ነው፣ መንገዱ ጠባብ ነው። ዝቅተኛው ባንድ የሌለው ስልክ ፈረስ መጋላ ላይ 4ጂ ብሎ የሐረሪ ቤት ውስጥ ሲገባ «ኢ» ይላል። ሰው ያኔ መስመሩን ይራገማል። ከድሬ ወደ ሐረር ስትወጪ ደንገጎ ላይ ቢቆረጥብሽ ደግሞ ስልኩንም ኩባንያውንም አትውቀሺ። ተራራው ነው።

ስለዚህ ያንን የጎረቤት ሙከራ ሳቢያን ላይ ብቻ አትሥሪው። ስልኩን ልጅሽ ይዛው ትሂድና ዶርም ውስጥ፣ አልጋዋ ላይ ሆና ትሞክረው። እዚያ ነው የምትጠቀምበት።

«ሲደወልልኝ ኔቴ ይጠፋል» የሚሉም አሉ፣ ምናልባት ልጅሽም ትልሽ ይሆናል። ይህ ብልሽት አይደለም። 4ጂ መጀመሪያ የተሠራው ለዳታ ነው። ስልኩና ኩባንያው በ4ጂ ላይ ድምፅ ለማስተላለፍ ካልተስማሙ፣ ጥሪ ሲመጣ ስልኩ ወደ 3ጂ ወይም ወደ 2ጂ ይወርዳል። ስትዘጋው ይመለሳል። ርካሽ ስልኮች ላይ ይህ ስምምነት ብዙ ጊዜ የለም። ከመመለሱ በፊት ጥቂት ሰከንድ መታገሥ ነው፣ ሌላ መድኃኒት የለውም።

ወደ አሜሪካኑ እንምጣ። እዚህ ላይ እንድትጠነቀቂ የምፈልገው ነገር አለ።

ስልኩ በ39 ዶላር ለምን ተሸጠ? ሳምሰንግ በጎ አድራጊ ስለሆነ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ ከትልልቆቹ ሌላ ብዙ ትናንሽ የስልክ ኩባንያዎች አሉ። አብዛኞቹ የራሳቸው ማማ የላቸውም፣ ከትልልቆቹ ኔትወርክ ተከራይተው ቅድመ ክፍያ ካርድ ይሸጣሉ። ትራክፎን የሚባለው እንዲህ ነበር የሚሠራው፣ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2021 ከትልልቆቹ አንዱ የሆነው ቬራይዘን ገዛው። እነዚህ ስልኩን በርካሽ ይሰጡሻል። ትርፉን በየወሩ ከሚሞላው ካርድ ይለቅሙታል። ካርድ ሳትሞዪ ስልኩን ይዘሽ ወደ ሌላ እንዳትሄጂ ደግሞ ይቆልፉታል። ስልኩ ከእነሱ ሲም በቀር ማንንም አይቀበልም። የአንቺ ስልክ 09ንም 07ንም እኩል የገፋው ለዚህ ነው። ሁለቱንም እኩል መግፋቱ ራሱ ምልክት ነው። የሞገድ ችግር ቢሆን ኖሮ «ሲም አይሠራም» አይልም ነበር፣ ሲሙን ተቀብሎ «ኔትወርክ የለም» ነበር የሚለው። ይህን ልዩነት ያዢው።

(የኛዋን ሳፋሪኮም ከእነዚያ ጋር አታመሳስያት። የደንበኛ ቁጥሯ ቢያንስም የራሷ ኔትወርክ ያላት ኩባንያ ናት።)

«ማስከፈት» የሚለው ቃል ብዙ ሰው አስከስሯል። እኛ ጋ ሦስት የተለያየ ሥራ በአንድ ቃል ይጠራል። ፓተርን ረስቶ ማስከፈት አለ። የጉግል አካውንት አልገባ ያለውን ማስከፈት አለ። ሦስተኛው የሲም ቁልፍ ነው። ሠራተኛው ፍላሽ ሲልሽ የመጀመሪያዎቹን ሁለት እያሰበ ሊሆን ይችላል። ፍላሽ ማለት የስልኩን ሶፍትዌር አጥፍቶ እንደ አዲስ መጫን ነው። የሲም ቁልፍ ግን አብዛኛውን ጊዜ እዚያ አይደለም የሚቀመጠው። ፍላሽ የማይነካው ቦታ ነው ያለው፣ አንዳንዱም የሚፈታው ከኩባንያው ኮምፒውተር ትእዛዝ ሲመጣ ብቻ ነው። 1,800 ብር ከፍለሽ፣ ስልኩ ታጥቦ፣ ያው «ይህ ሲም አይሠራም» ሊልሽ ይችላል።

ከዚህም የባሰ አለ። አንድ ደንበኛዬ ሌላ ቦታ ፍላሽ ያስደረገውን ስልክ አመጣልኝ። *#06# ስደውል የአይኤምኢአይ ቁጥሩ የለም። ይህ ቁጥር የስልኩ መታወቂያ ነው፣ ከጠፋ ስልኩ በየትኛውም ሲም ኔትወርክ ላያገኝ ይችላል። ስልኩ ተቆልፎ ገባ፣ ሞቶ ወጣ። ኮድ እየገመቱ መሞከርም እንደዚያው ነው። ሙከራው በቁጥር የተወሰነ ነው፣ ካለፈ ስልኩ በኮድ የሚከፈትበት መንገድ እስከመጨረሻው ሊዘጋ ይችላል። እኔ ራሴ ሥራ ስጀምር በዚህ ዓይነት አንድ ስልክ ዘግቻለሁ። ከኪሴ ከፍያለሁ። ስለዚህ የምናገረው ከመጽሐፍ አይደለም።

አይፎን ላይ ከሲሙ ሥር የምትገባ ቀጭን ቺፕ አለች፣ «ችግር የለም፣ በቺፕ ይሠራል» ይሉሻል። ትሠራለች፣ አፕዴት እስኪመጣ ድረስ። ያንቺ ሳምሰንግ ስለሆነ በዚህ አልቆይም።

ትክክለኛው መንገድ ኩባንያው ራሱ እንዲከፍተው ማድረግ ነው። አሜሪካ ውስጥ ይህ ሕጋዊ ነው፣ ኩባንያዎቹም ደንብ አላቸው። የትራክፎን ደንብ ለዓመታት 60 ቀን ነበር፣ ክሪኬት የሚባለው ሌላ ኩባንያ ስድስት ወር፣ ከዚያም የሚያስረዝሙ አሉ። ግን እዚህ ላይ ነው ብዙ ዘመድ የሚሳሳተው። 60 ቀን ማለት ስልኩ ከተገዛ 60 ቀን አይደለም። በእነሱ ሲም፣ በእነሱ ኔትወርክ፣ ካርድ እየተሞላለት የሠራበት 60 ቀን ነው። የአንቺ ስልክ ካርቶኑ ሳይከፈት ነው የመጣው። ወንድምሽ አዲስ ሆኖ እንዲደርስሽ ብሎ ነው፣ በደግነት። ስልኩ ግን አንድ ቀን እንኳ አልሠራም። ሳቢያን መሳቢያ ውስጥ ሦስት ዓመት ቢቀመጥ ቆጠራው አይጀምርም። ካርቶኑን ከፍቶ ደንቡ የሚለውን ያህል ጊዜ ተጠቅሞበት ቢልክልሽ ኖሮ ይሻል ነበር።

ከተከፈተ በኋላስ እዚህ ይሠራል? ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ነው፣ የተከፈተ ሁሉ አይሠራም። ሴቲንግ ውስጥ ስለ ስልኩ የሚለውን ክፈቺና የሞዴል ቁጥሩን እዪ። ሳምሰንግ ላይ የመጨረሻዎቹ ፊደሎች የተሠራበትን ገበያ ይነግሩሻል። ለምሳሌ ጋላክሲ ኤ12 አንድ ስልክ ይመስላል። ግን በኤፍ የሚያልቀው ለብዙ አገር የተሠራው ነው። በኤም የሚያልቀው ለላቲን አሜሪካ፣ በዩ የሚያልቀው ለአሜሪካ ኩባንያዎች፣ በኤን የሚያልቀው ለኮሪያ ነው። ዲኤል የሚል ካየሽ የትራክፎን ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ አንድ ነው፣ ውስጡ ያለው ባንድ ግን ይለያያል። ሙሉውን የሞዴል ቁጥር ኢንተርኔት ላይ ስትፈልጊው የባንዶቹ ዝርዝር ይወጣል። 3 እና 20 ካሉበት ደህና ነው። 2፣ 4፣ 12፣ 66 ብቻ ከደረደረልሽ ይቅርብሽ፣ ተከፍቶም 4ጂ አይሰጥሽም።

ሌላም አለ። አሜሪካኖቹ እ.ኤ.አ. በ2022 3ጂን ዘግተዋል። ከዚያ ወዲህ ለነሱ ብቻ የተሠሩ አንዳንድ ርካሽ ስልኮች ጥሪ የሚያደርጉት በ4ጂ ላይ ብቻ ነው። ቅድም ያልኩሽ ስምምነት እዚህ ከሌላቸው፣ ኢንተርኔት እየሠራላቸው ጥሪ አይሠራላቸውም። ደግሞ ከድሮዎቹ የቬራይዘንና የስፕሪንት ስልኮች አንዳንዶቹ ሲም ማስገቢያ እንኳ የላቸውም። ዘመድሽ ጋራዥ ውስጥ እንዲህ ያለ አግኝቶ ልላክልሽ ካለ አመስግነሽ እምቢ በይ።

ለማንኛውም ያለሽ ምርጫ ይህ ነው። ስልኩ ላይ 3 እና 20 ካሉ፣ ወደ አሜሪካ የሚመለስ የምታምኚው ሰው ሲገኝ መልሺው። ወንድምሽ ሲም ያስገባበት፣ ትንሹን ጥቅል እየሞላ ጊዜውን ያስጨርስ፣ ኩባንያው ጋ ደውሎ ያስከፍት። ደንቡ ስለሚቀያየር ከመጀመሩ በፊት ስንት ቀን እንደሆነ ራሳቸውን ይጠይቅ። ግን ሒሳቡን አስዪ። የየወሩ ካርድ ሲደመር ከስልኩ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል። ለ39 ዶላር ስልክ እኔ አልደክምበትም። ባንዶቹ ከሌሉ ደግሞ ጭራሽ አትመልሽው። ዋይፋይ ባለበት ቤት ያለ ሲም ይሠራል። ልጆች ትምህርት ይዩበት፣ ሙዚቃ ያጫውት። አንድ ሰው «እገዛሻለሁ» ካለ ግን መቆለፉን ንገሪው። ታይዋን ላይ «ኔትወርኩን ትንሽ አስተካክለው ነው» ተብሎ የሚሸጠው ስልክ አብዛኛው ይህ ነው።

ለልጅሽ የምትሰጪው የታይዋኑን ነው። ሲሞቹን ከቀያየርሽ በኋላ 07 ላይ 4ጂ ካመጣ ጨርሰሻል። ካላመጣ፣ የጎረቤት ሙከራውም ስልኩን ከጠቆመ፣ ሸጠሽ ሌላ ግዢ። ስትገዢ ግን በባዶ እጅሽ አትሂጂ። 09ንም 07ንም ሲም ይዘሽ ሂጂ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱንም አስገብተሽ በሁለቱም ደውዪ፣ በሁለቱም አንድ ቪዲዮ ክፈቺ፣ ዳታውን ከአንዱ ወደ ሌላው አዛውሪ። ሻጩ ሲም ማስገባት ከከለከለሽ ጥለሽው ውጪ። *#06# ደውለሽ የሚወጣው ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አንድ መሆን አለበት። ሻጩን «ሐረማያ ላይ ካልያዘ በሦስት ቀን እመልሳለሁ» በይውና ደረሰኙ ላይ እንዲጽፍልሽ አድርጊ። የሚያውቅ ሻጭ ይጽፋል። 5ጂ የሚል ጽሑፍ አይቶ ዋጋ የሚጨምርብሽን አትስሚው፣ ባንዱ ከጎደለ 5ጂ የሚለው ቃል ዶርም ውስጥ ኔት አይሰጣትም።

4ጂ ምልክቱ መጥቶ ኢንተርኔቱ ካልከፈተ ደግሞ የቀረው ቅንብር ነው፣ ኤፒኤን የሚባለው። ሌላ አገር ያገለገለ ስልክ ላይ የድሮው ኩባንያ ቅንብር ይቀራል። ለዚህ ለማንም ብር አትክፈዪ። በ09 ከሆነ 994፣ በ07 ከሆነ 700 ደውዪ፣ የሚሞላውን ይነግሩሻል።

ለወንድምሽ ደግሞ ዛሬውኑ ይህን ላኪለት፦ «ከእንግዲህ ስልክ ስትገዛልኝ የኩባንያ ስም ያለበትን አትግዛ። ከፋብሪካው ጀምሮ ያልተቆለፈ መሆኑ ካርቶኑ ላይ ይጻፍ። ባንድ 3 እና 20 እንዳለው አረጋግጥ። ከመላክህ በፊት ክፈተውና የሌላ ኩባንያ ሲም አስገብተህ ደውልልኝ።»